የብስክሌት መጠገኛ ማቆሚያ ሲተከል ሊወገዱ የሚገቡ ስህተቶች

በቤት ውስጥ የሥራ ክፍል የሚተከል የብስክሌት መጠገኛ ማቆሚያ ሥራን በእጅጉ ያቀላል፤ ያለጥንቃቄ ከተተከለ ግን ጥገናው ሳይጀመር ብስክሌቱን ሊጎዳ ይችላል።

ከሁሉ የከፋው ስህተት ብስክሌቱን በቴላዮው (በዋናው አካሉ) ቱቦ ላይ ማሰር ነው። ከኮርቻው ሥር ተነሥቶ ወደ መሪው የሚዘረጋው የላይኛው ቱቦ በብዙ የአልሙኒየምና የካርበን ፋይበር ብስክሌቶች ላይ መሃሉ ስስ በመሆኑ፣ ብስክሌቱን የሚይዘው የማቆሚያው መቆንጠጫ ጠበቅ ሲል ይሰረጉዳል ወይም ይሰነጠቃል፤ የካርበን ስንጥቅ ደግሞ ከቀለም ሥር ተደብቆ በዓይን ላይታይ ይችላል። ትክክለኛው ቦታ ኮርቻውን የተሸከመው ዘንግ ነው። ለመቆንጠጥ የሚያንስ ከሆነ፣ የነበረበትን ከፍታ በፕላስተር ምልክት አድርጎ፣ በላዩ የተሠመረውን የመጨረሻ ወሰን ሳያልፉ ከፍ ማድረግ ይበቃል። ዘንጉ ራሱ ካርበን ሲሆን፣ ለጥገናው ጊዜ ብቻ በልኩ የተሠራ የአልሙኒየም ዘንግ መተካት ከሁሉ የተሻለ ይመስለኛል። የመቆንጠጫውን ላስቲክ በጨርቅ መጥረግም አይዘንጋ፤ በመካከሉ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት ቀለሙን ትፍቃለች።

ሁለተኛው ስህተት ክብደቱ የሚያርፍበትን አቅጣጫ አለማየት ነው። ብስክሌቱ ከምሰሶው ወደ አንድ ወገን ወጥቶ ስለሚንጠለጠል፣ ባለሁለት እግር ማቆሚያ እግሮቹ በብስክሌቱ ሥር እንዲዘረጉ ሆኖ መቆም አለበት፤ ወለሉም ደልዳላ ይሁን። ጎማ ሲወልቅ ሚዛኑ ወዲያው ስለሚለወጥ፣ ከባዱ ወገን በድንገት እንዳይወርድ አንድ እጅ ቴላዮውን መያዝ ይኖርበታል። የኤሌክትሪክ ብስክሌቶች ብዙውን ጊዜ ከ20 ኪሎ ግራም በላይ ስለሚመዝኑ፣ የማቆሚያው የመሸከም አቅም አስቀድሞ ይታይ፤ ብስክሌቱ ከመሰቀሉ በፊትም ባትሪው ይውለቅ።

ግድግዳ ላይ የሚታሰር ማቆሚያ የሚመርጡ ሰዎች ደግሞ ፊሸሩን (ቡሎኑ የሚገባበትን የግድግዳ መያዣ) ልስን ወይም ጂፕሰም ላይ ብቻ ያስገባሉ። ወጣ ብሎ የተንጠለጠለው ክብደት የላይኛውን ቡሎን ያለማቋረጥ ወደ ውጭ ስለሚስብ፣ ቡሎኑ ኮንክሪት፣ ጠንካራ ጡብ ወይም የግድግዳው ዋና እንጨት ላይ መያዝ አለበት።

ከፍታው ፔዳሎቹ የሚዞሩበት ቦታ ከወገብ በላይ፣ ከደረት በታች እንዲውል ሆኖ ይስተካከል፤ ፔዳሉና ጎማዎቹ ምንም ሳይነኩ መዞራቸውም ይረጋገጥ።

በመጨረሻም፣ ኃይል የሚጠይቅ ሥራ ሁሉ ማቆሚያው ላይ አይሠራ። የጠበቀ ፔዳል ለመፍታት በረጅም ቁልፍ ሲገፉ ዘንጉ መቆንጠጫው ውስጥ ይጠማዘዛል፤ ስለዚህ ብስክሌቱን ወደ መሬት አውርዶ መፍታት ይሻላል፤ የግራው ፔዳል የሚፈታው በሰዓት አቅጣጫ መሆኑን እያስታወሱ።