ለሴት የሚመች የብስክሌት ኮርቻ እንዴት ይመረጣል?

ብስክሌት ገዝተው በወሩ የተዉ ሴቶች አውቃለሁ። ሲጠየቁ «ደከመኝ» ይላሉ። ቆይተው ሲያወጉ ግን ያማረራቸው ኮርቻው ነው። የሚያመው ቦታ ስለሚያሳፍር ወሬው አይነሳም። መነሳት አለበት፤ መፍትሄ አለዋ!

ገንዘብ ከማውጣትሽ በፊት ያለሽን አስተካክዪ። ግድግዳ ተደግፈሽ ኮርቻው ላይ ውጪ። ፔዳሉ ታች ሲደርስ፣ ተረከዝሽ ፔዳሉ ላይ እንዳለ ጉልበትሽ ቀጥ ካለ ቁመቱ ልክ ነው። ስትነጂ ዳሌሽ ግራ ቀኝ የሚወዛወዝ ከሆነ ዝቅ አድርጊው። ከዚያ ኮርቻው እንዳልዘመመ ለማየት ውሃ ልክ አስቀምጪበት፤ ስልክሽ ላይ ያለውም ይሠራል። ፊት ለፊት ከተጫነሽ የኮርቻውን አፍንጫ፣ ማለትም ቀጭኑን የፊት ጫፍ፣ አንድ ወይም ሁለት ዲግሪ ዝቅ አድርጊ። በጣም ከዘቀዘቀ ወደ ፊት እያንሸራተተ እጅና ትከሻሽን ያሳምምሻል።

አሁንም ካልተመቸሽ ስፋቱን እንይ። ዋናው ነገር እሱ ነው።

ብዙዎቻችን ለስላሳ ኮርቻ እንፈልጋለን። በጣት ሲጫኑት እንደ ስፖንጅ የሚገባው ሱቅ ውስጥ ደስ ይላል። መንገድ ላይ ግን አጥንትሽ ይሰምጥና ስፖንጁ መሀል ላይ ያብጣል፤ ክብደትሽ ስሱ አካል ላይ ያርፋል። ክብደቱን መሸከም ያለባቸው ሁለቱ የመቀመጫ አጥንቶች ናቸው። የሴቶች በአማካይ ከወንዶች ይበልጥ የተራራቁ ናቸው። ቢሆንም ከሴት ሴት ስለሚለያይ «የሴት» የተባለ ኮርቻ ሁሉ አይሆንሽም።

ስለዚህ ለኪው። ውስጡ ሞገድ ያለው የዕቃ ካርቶን ቁረጪ። ጠንካራ ዱካ ላይ አንጥፈሽ በስስ ልብስ ተቀመጪበት። ተረከዝሽን አንስተሽ ወደ ፊት ጎንበስ በይና ግማሽ ደቂቃ ቆዪ። ስትነሺ ሁለት ጎድጓዳ ምልክቶች ይቀራሉ። ካልታዩሽ ጠመኔ በጎኑ አስተኝተሽ ካርቶኑን ቀቢው፤ የተጎደጎደው ሳይቀባ ይቀራል። ከአንዱ መሀል እስከ ሌላው መሀል በማስመሪያ ለኪ።

12 ሴንቲሜትር አገኘሽ እንበል። ሁለት ወይም ሦስት ሴንቲ ጨምሪበት፤ የኮርቻ ጠርዝ ወደ ታች ስለሚታጠፍ አጥንትሽ እዚያ ማረፍ የለበትም። የኋላ ስፋቱ ከ14 እስከ 15 ሴንቲ የሆነ ትፈልጊያለሽ። ባሕር ዳር ላይ ገበያ እንደሚኬደው ቀጥ ብለሽ የምትነጂ ከሆነ ከዚያም ሰፋ ያለ ይሻላል። አጎንብሰሽ የምትፈጥኚ ከሆነ ግን ጠበብ ያለ፣ መሀሉ ክፍት የሆነ ፈልጊ።

ልብስም አትርሺ። የጂንስ ወፍራም ስፌት ጥሩ ኮርቻንም ያስጠላል። ለረጅም መንገድ ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ልበሺ፤ ከስሩ ፓንት አይደረግም፣ ስፌቱ ይልጣል።

በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት አጥንቱ ላይ ትንሽ ቢያምሽ ይለመዳል። መደንዘዝና መቁሰል ግን አይለመድም፤ ኮርቻውን ቀይሪ፣ ቁስሉ ካልዳነ ሐኪም ይየው።

ሱቅ ስትሄጂ ካርቶኑን ያዢ። ኮርቻው ላይ አስቀምጪውና ሁለቱም ምልክቶች ደልዳላው ቦታ ላይ ማረፋቸውን እይ። አንዱ እንኳ ጠርዝ ላይ ከወጣ ሌላ አስወርጂ።