«ሲንስ» መቼ «ጀምሮ»፣ መቼ «ስለ» ይሆናል?

ለገጣፎ ወይም ሰበታ ተቀምጠው የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ሲጽፉ «ሲንስ» ላይ ይጠንቀቁ። «አይ አም ሊቪንግ ሂር ሲንስ ፋይቭ ይርስ» የሚለው ሁለት ስህተት አለው። ሲንስ የሚፈልገው መነሻውን ነው፤ ለቆይታው ርዝመት «ፎር» ይግባ። ግሡም «ሃቭ ሊቭድ» ይሁን፣ ኑሮው እስካሁን ዘልቋልና። ከሲንስ ቀጥሎ የሚጽፉትን ዓመት ደግሞ ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ይቀይሩ፦ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ 7፣ ከዚያ እስከ ጳጉሜን 8 ይደምሩ። 2010ን እንዳለ የጻፈ ሰው ሳያስበው ቆይታውን ያስረዝማል።

ቃሉ የመጣው ከጥንታዊው እንግሊዝኛ «ሲዛን» ነው፤ «ከዚያ በኋላ» ማለት ነው። በኋላ «ሲዘንስ» ተባለ፣ ከዚያ አጠረ። «በኋላ» የነበረውም እያደር ምክንያት መግለጫ ሆነ። እኛስ «ከመጣህማ ቡና ሳትጠጣ አትሄድም» ስንል «ከ»ን ምክንያት እናደርጋት የለ?

«ሲንስ ሺ ሙቭድ ቱ ገላን፣ ሺ ሃዝ ቢን ሌት» ግን ያደናግራል። ገላን ከገባች ወዲህ ነው የምታረፍደው ወይስ ገላን ስለገባች? ምክንያት ከሆነ «ቢኮዝ» ብለው ይገላገሉ።