በኮዲ መነሻ ገጽ ላይ ዊጅት ሲያዘጋጁ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ጅማ ውስጥ ፊልሞቻቸውን በሃርድ ዲስክ አጠራቅመው ኮዲ በተባለው የቪዲዮ ማጫወቻ ፕሮግራም የሚመለከቱ ቤተሰቦች መነሻ ገጻቸውን ለማስተካከል ሲነሡ፣ አብዛኛው ችግር የሚገጥማቸው ዊጅት (በመነሻ ገጹ ላይ ፊልሞችን በተርታ የሚያሳየው ክፍል) በራሱ ምንም እንደማይዝ ካለመገንዘብ ነው። ዊጅት የሚያሳየው ከላይብረሪው (ኮዲ ከመዘገባቸው ፊልሞች ዝርዝር)፣ ከፕለይሊስት (ተለይቶ ከተዘጋጀ ዝርዝር) ወይም ከአድኦን (በኮዲ ላይ ከሚጫን ተጨማሪ ፕሮግራም) የሚያገኘውን ብቻ ነው።

በጣም የተለመደው ስህተት የአማርኛ ወይም የአፋን ኦሮሞ ፊልም «በቅርቡ የተጨመሩ» በሚለው ዊጅት ላይ ሲጠፋ ስኪኑን (የኮዲን መልክና አቀማመጥ የሚወስነውን ገጽታ) መቀየር ነው። ኮዲ የፊልም መረጃ የሚፈልገው በአብዛኛው ቲኤምዲቢ ከተባለው የመረጃ ቋት ስለሆነ፣ እዚያ ያልተመዘገበ ፊልም ላይብረሪ ውስጥ አይገባም፤ ላይብረሪ ውስጥ ያልገባውን ደግሞ የትኛውም ስኪን በዚህ ዊጅት ሊያሳየው አይችልም። መፍትሔው ከቪዲዮው ፋይል ጎን፣ በዚያው ስም፣ ርዕሱንና ዓመቱን የያዘ የኤንኤፍኦ ፋይል (በ.nfo የሚያልቅ የጽሑፍ ፋይል) ማስቀመጥና ላይብረሪውን እንደገና ማደስ ነው። ሥራው ትዕግሥት ይጠይቃል፤ ሆኖም የአገራችን ፊልሞች ከውጭዎቹ እኩል በመነሻ ገጹ ላይ እንዲታዩ ማድረግ የሚገባ ድካም ነው ብዬ አምናለሁ።

ስኪን መቀየር ተገቢ የሚሆነው ሌላ ምክንያት ሲኖር ነው። እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የኮዲ መደበኛ ስኪን የሆነው ኤስቹዌሪ ዊጅቶችን እንደልብ ለመምረጥ አያመችም፤ ኤዮን ኖክስን የመሰሉ ስኪኖች ግን ይህን ይፈቅዳሉ።

ሁለተኛው ስህተት ገጹን ከኢንተርኔት በሚጫኑ ዊጅቶች መሙላት ነው። እያንዳንዳቸው ዝርዝርና ፖስተር ስለሚያወርዱ የሞባይል ዳታ ይበላሉ፤ አነስተኛ ሜሞሪ ያለውን የአንድሮይድ ቦክስም ያዘገያሉ።

በላፕቶፕ የሚጠቀሙ ሰዎች ሃርድ ዲስኩ ትናንት «ኢ» ዛሬ «ኤፍ» ተብሎ ሲከፈት ኮዲ ፊልሙን በድሮው ፊደል ስለሚፈልገው ፖስተሩ እየታየ ፊልሙ እምቢ ይላቸዋል። በዊንዶውስ ለዲስኩ ቋሚ ፊደል መስጠት ይህን ያስቀራል። ዲስኩ ተነቅሎ ሳለ ላይብረሪውን የማጽዳት ትእዛዝ መስጠት ግን መዝገቡን፣ የታዩና ያልታዩ ፊልሞችን ምልክት ጭምር ሊያጠፋ ስለሚችል ፈጽሞ አይገባም።

ዊጅት የተያያዘበትን የፕለይሊስት ፋይል ስም መቀየርም እንዲሁ ዊጅቱን ባዶ ያስቀረዋል።

በመጨረሻም፣ የስኪኑን የኤክስኤምኤል ፋይሎች (አቀማመጡ የተጻፈባቸውን) በቀጥታ ማረም ስኪኑ ሲታደስ የሚደመሰስ ሥራ ነው፤ በስኪኑ ቅንብር በኩል የተደረገው ግን «ዩዘርዳታ» በተባለው ማህደር ውስጥ ይቀመጣል። መብራት በድንገት ሲጠፋ ይህ ማህደር ሊበላሽ ስለሚችል፣ ኮዲን ዘግተው ቅጂውን በፍላሽ ያስቀምጡ።