ጅብ የሚበላውን ከዓይነ ምድሩ ለማወቅ

ጅብ አጥንት ስለሚበላ ዓይነ ምድሩ ሲደርቅ እንደ ኖራ ይነጣል፤ ፀጉር ግን ሳይፈጭ ያልፋል። የበላውን እንስሳ የምንለየው በዚያ ፀጉር ነው።

ከቀበሌው ፈቃድ ካገኛችሁ በኋላ ጅቦች የሚጸዳዱበትን ቦታ ሙሉ በሙሉ አጽዱ። ብዙ ጥናት የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ በበጋ የቆየውና አዲሱ አይለዩም። እ.ኤ.አ. በ2012 በታተመ የትግራይ ጥናት የአህያ ፀጉር የተገኘበት ዓይነ ምድር ከዐቢይ ጾም በፊት 14.8 በመቶ፣ በጾሙ 33.1 በመቶ፣ ከጾሙ በኋላ 22.2 በመቶ ነበር። በጾሙ 55 ቀናት እርድ በጣም ስለሚያንስ ለጅቡ የሚጣል አጥንትና ሆድ ዕቃ ይቀንሳል። አሮጌው ከአዲሱ ቢቀላቀል ይህ ለውጥ አይታይም ነበር።

ከጽዳቱ በኋላ የተጣለውን አዲስ ዓይነ ምድር ሰብስቡ፤ እያንዳንዱን ናሙና በተለየ የወረቀት ከረጢት አድርጉ፤ ፌስታል ያሻግታል። ቀንና ቦታ ጻፉበት። ለሰው አደገኛ የሆነ የትል እንቁላል ሊኖርበት ስለሚችል ጓንትና ማስክ አትርሱ፤ ደረቁንም አትፈርፍሩ፣ አቧራው ወደ አፍ ይገባል። በሙቅ ውሃ ዘፍዝፋችሁ በጥቅጥቅ ወንፊት እጠቡ፤ ፀጉሩን በአልኮል አጽድታችሁ አድርቁት።

ከዚያ ከእያንዳንዱ ናሙና 20 ፀጉር ውሰዱ፤ ሳትመርጡ። ዓይን ረጅሙንና ጥቁሩን ስለሚያነሳ የበግ ቀጭን ፀጉር ሳይቆጠር ይቀራል። በማይክሮስኮፕ መስታወት ላይ ቀለም አልባ የጥፍር ቀለም በስሱ ቀብታችሁ ፀጉሩን አስተኙበት፤ ሲደርቅ ንቀሉት። ፀጉሩን ከላይ የሚሸፍኑት ጥቃቅን ቅርፊቶች አሻራ ይቀራል። ቀለሙ ከወፈረ ፀጉሩን ይውጠዋል። አሻራውን በ400 እጥፍ አጉልታችሁ፣ ከአካባቢው ከብት፣ አህያ፣ ፍየል፣ በግና ውሻ አንገት፣ ጀርባና ሆድ አስቀድማችሁ ካዘጋጃችሁት ናሙና ጋር አስተያዩ። የጅቡ የራሱ ፀጉር ሲልስ የዋጠው ስለሚሆን አትቁጠሩት።

ውጤቱን ስትጽፉ በጣም ተጠንቀቁ። 33 በመቶ ማለት ከ100 ናሙና በ33ቱ የአህያ ፀጉር ተገኘ ማለት እንጂ 33 አህዮች ተገደሉ ማለት አይደለም፤ የአንድ አህያ ፀጉር በብዙ ናሙና ይገኛል። ፀጉር ጅቡ ገደለው ወይስ ሞቶ የተጣለ አገኘ አይናገርም። ስለዚህ ባለቤቶቹን ለየብቻ ጠይቁ፦ በረት ውስጥ ነበር? ውጭ ታስሮ አድሮ ነው? ቀድሞ ሞቶ ነበር? ጥንቡ የት ተጣለ? ይህ ሳይጣራ ቁጥሩ ወደ መንደሩ ከወጣ ሰዎች ጅቡን ለመግደል መርዝ እንዲያስቀምጡ ያነሳሳል፤ መርዙ ደግሞ ውሻውንና ጥንብ አንሳውንም ይጨርሳል። በቀበሌው ስብሰባ የተገደለውንና ጥንቡ የተበላውን ለይታችሁ አቅርቡ፤ የተገደሉት ውጭ ያደሩ ከሆኑ ውይይቱን ከበረቱ አጥርና መዝጊያ ጀምሩ።