ምጣዱ ሳይሆን ሽቦው ነበር

ባለ 3,500 ዋት የእንጀራ ምጣድ ዘግይቶ ይግላል፣ እንጀራውም ዓይን አያወጣም። ሬዚስታንሱን (የምጣዱን ማሞቂያ) ከመቀየር በፊት ልኬት።

ምጣዱ ሳይበራ ሶኬቱ 220 ቮልት ያሳያል፤ ብዙ ሰው የሚሸወደው እዚህ ላይ ነው። በርቶ ሲለካ ግን 196 ቮልት፣ በክላምፕ ሜትር (ሽቦ አቅፎ አምፔር በሚለካ መሣሪያ) 14.2 አምፔር (ክላምፑ አንድ ሽቦ ብቻ ይቀፍ፤ ሁለቱን ካቀፈ ዜሮ ያነባል)። የምጣዱ ተቃውሞ (ሬዚስታንስ) 196 ÷ 14.2 = 13.8 ኦም። ምጣዱ ላይ ከተጻፈው ሲሰላም 220 × 220 ÷ 3,500 ያው 13.8 ነው። ምጣዱ ጤነኛ ነው ማለት ነው። ኃይሉ ግን 196 × 14.2 = 2,783 ዋት ብቻ።

በዚያው ሰዓት ቆጣሪው ጋ 211 ቮልት አለ። 15 ቮልት መንገድ ላይ ቀርቷል፦ 15 ÷ 14.2 ወደ 1.06 ኦም። 20 ሜትር ባለ 2.5 ካሬ (ሚሊ ሜትር ካሬ ውፍረት) የመዳብ ሽቦ ደርሶ መልስ 0.3 ኦም ገደማ ስለሆነ ቀሪው የላላ መጋጠሚያ ነው። የመጋጠሚያው ሳጥን ሲከፈት በቴፕ የተጠቀለለው የሽቦ ጠምዛዛ ጠቁሮ፣ ፕላስቲኩ ቀልጦ ተገኘ። ወደ 11 ቮልት እዚያ ሲጠፋ 150 ዋት ያህል ሙቀት ነው፤ የጋለ የብየዳ ካውያ ሳጥን ውስጥ እንደ መተው።

ብሬከሩ ወርዶ መስመሩ በ4 ካሬ ተተካ፣ መጋጠሚያው በብሎን ሞርሴቶ (ሽቦ ማያያዣ) ጠበቀ። አሁን 208 ቮልት፣ 15.1 አምፔር፣ 3,140 ዋት።