የቤት ዕቃ ስንት አምፒር እንደሚስብ በክላምፕ ፕሮብ እንዴት ይለካል?

ድሬዳዋ ሙቀቱ ሲበረታ ፍሪጁም፣ ቬንትሌተሩም፣ ኤሲውም አያርፉም። በዚያ ላይ የኤሌክትሪክ ምጣድ ሲጨመር ብሬከሩ ይወርዳል። ጥፋተኛውን ዕቃ ለመለየት ሽቦ መቁረጥ አያስፈልግም። እንደ መንጋጋ የሚከፈት ክላምፕ ፕሮብና ተራ መልቲሜትር ይበቃል።

መጀመሪያ ፕሮቡ ላይ የተጻፈውን አንብቡ። ለእያንዳንዱ አምፒር 1፣ 10 ወይም 100 ሚሊቮልት እንደሚሰጥ ይነግራችኋል። ስሌቱ ሁሉ የሚቆመው በዚህ ቁጥር ላይ ነው። ሚሊአምፒር የሚሰጡ ፕሮቦችም አሉ፤ የእነሱ አያያዝ ስለሚለይ እዚህ የምናገረው ስለ ሚሊቮልቱ ብቻ ነው።

የፕሮቡን ጥቁር ጫፍ መልቲሜትሩ ላይ ኮም (COM) የሚል ቀዳዳ ላይ፣ ቀዩን የቮልት ቀዳዳ ላይ ሰኩ። «የምለካው አምፒር ነው» ብላችሁ የአምፒሩ ቀዳዳ ላይ እንዳትሰኩት። ማዞሪያውን የሞገድ ምልክት ያለው ሚሊቮልት ላይ አድርጉ፤ የቤታችን መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ተለዋዋጭ ነውና። ለሶላርና ለባትሪ ግን ዲሲ፣ ማለትም አቅጣጫውን የማይለዋውጥ ኤሌክትሪክ፣ የሚለካ ፕሮብ ያስፈልጋል። እሱንም ሽቦ ላይ ከማድረጋችሁ በፊት ዜሮ አድርጉት።

አሁን ዋናው ነገር። ሳቢያን ያለ ጎረቤቴ የፍሪጁን ገመድ እንዳለ መንጋጋው ውስጥ ከቶ ዜሮ አነበበ። ኮምፕረሰሩ እያጉረመረመ ነው፣ መልቲሜትሩ ግን ዜሮ! «ተበላሽቷል» ብሎ ሊጥለው ነበር። ዕቃው ደህና ነው። በአንዱ ሽቦ የሄደው ኤሌክትሪክ በሌላው ይመለሳል፤ የሁለቱ መግነጢሳዊ ኃይል እርስ በርስ ይጠፋፋል። ስለዚህ መንጋጋው ውስጥ የሚገባው አንድ ሽቦ ብቻ ነው።

ለዚህ አንድ አጭር ኤክስቴንሽን አዘጋጁ። ከሶኬት ነቅላችሁ፣ መሃሉ ላይ የውጪውን ላስቲክ አንድ ስንዝር ያህል ግፈፉና ሽቦዎቹን ለያዩ። የየራሳቸው ሽፋን ግን መጫር የለበትም። ከተጫረ ገመዱን ጣሉት፤ በናስትሮ ጠቅልላችሁ አትጠቀሙበት። የብሬከር ሳጥን መክፈት ደግሞ የባለሙያ ሥራ ነው፤ እባካችሁ አትሞክሩት።

ዕቃውን በዚህ ኤክስቴንሽን ሰክታችሁ ከተለያዩት ሽቦዎች አንዱን መንጋጋው ውስጥ አስገቡ። መንጋጋው ጥርቅም ብሎ ይዘጋ። የእኛ አገር አቧራ ጥርሱ መሃል ከገባ ንባቡ ስለሚያንስ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት።

ከዚያ ያነበባችሁትን ሚሊቮልት ፕሮቡ ላይ ለተጻፈው ቁጥር አካፍሉ። 3,500 ዋት የሆነ ምጣድ ወደ 16 አምፒር ይስባል፤ ለአምፒር 10 ሚሊቮልት በሚሰጠው ፕሮብ 160 ሚሊቮልት አካባቢ ታነባላችሁ። እንደ ቬንትሌተር ያለ ትንሽ ነገር ሲሆን ያንኑ አንድ ሽቦ መንጋጋው ውስጥ 5 ጊዜ አዙሩና ውጤቱን ለ5 አካፍሉ።

ፍሪጅ ሲነሳ ቁጥሩ ለቅጽበት ይዘላል። አትደንግጡ፣ ሞተር ሲነሳ ብዙ ይስባል። ትንሽ ጠብቁና የረጋውን ጻፉ፤ ከዚያ ከጀርባው በተለጠፈው ሰሌዳ ላይ ካለው አምፒር ጋር አስተያዩት።