በሜካኒካል ምህንድስና የድኅረ ምረቃ ትምህርት ለመማር እንዴት መዘጋጀት ይቻላል?

ብዙ አመልካቾች ስለ ጥናት መስካቸው ማሰብ የሚጀምሩት ዩኒቨርሲቲ መርጠው ከጨረሱ በኋላ ነው፤ ቅደም ተከተሉ ቢገለበጥ ይሻላል። በመጀመሪያ ዲግሪ አንድ ሙያ የሚመስለው ሜካኒካል ምህንድስና በድኅረ ምረቃ ደረጃ የሙቀትና የፈሳሽ ሳይንስ፣ የጠጣር አካላት መካኒክስ፣ ዲዛይን፣ ማኑፋክቸሪንግ፣ ቁጥጥርና ሮቦቲክስ እየተባለ ይከፋፈላል፤ የተርባይን ብሌድ ማቀዝቀዣን የሚያጠና ሰው እና በብየዳ መገጣጠሚያ ላይ የሚፈጠር ስንጥቅን የሚያጠና ሰው የሚወስዷቸው ኮርሶች እምብዛም አይገናኙም። ስለዚህ የመመረቂያ ፕሮጀክትዎንና በፍላጎት የተማሯቸውን ኮርሶች መነሻ አድርገው መስክዎን ያጥብቡ።

ቀጥሎ የፕሮግራሙን ዓይነት ይወስኑ። በኮርስ ብቻ የሚጠናቀቀው ማስተርስ ወደ ኢንዱስትሪ ለሚመለስ መሐንዲስ ይበቃል፤ ዶክትሬት ለሚያስብ ግን የጥናት ጽሑፍ ያለበት ይመረጣል። ማስተርስ እንደየአገሩ አብዛኛውን ጊዜ ከ1 እስከ 2 ዓመት ይፈጃል።

ሦስተኛው ሥራ ሒሳብን መከለስ ሲሆን፣ በእኔ ግምት ከሁሉም በላይ ችላ የሚባለው ይኸው ነው። ዲፈረንሺያል እኩልታዎች፣ ሊኒየር አልጀብራ እና የቁጥር ስሌት ዘዴዎች በየኮርሱ ተመልሰው ይመጣሉ። የፋይናይት ኤለመንት ሶፍትዌር (አንድን አካል በጥቃቅን ክፍሎች ከፋፍሎ የሚያሰላ ፕሮግራም) መጠቀም መቻል ብቻውን አያድንም፤ የወሰን ሁኔታዎቹ (ለምሳሌ አካሉ የት እንደታሰረ) በስህተት ቢገቡም ሶፍትዌሩ ያማረ ባለቀለም ምስል ማውጣቱን አይተውምና ውጤቱን በእጅ ስሌት መፈተሽን ይልመዱ። ከዚሁ ጎን ለጎን ፓይተን ወይም ማትላብ የተባለውን የፕሮግራም ቋንቋ ይማሩ።

ከዚያ በኋላ አማካሪ ሊሆኑ የሚችሉ መምህራንን ይፈልጉ። የእያንዳንዳቸውን ሁለት ወይም ሦስት የቅርብ ጊዜ የጥናት ጽሑፎች ካነበቡ በኋላ አጭር ኢሜይል ይጻፉ፤ ከጽሑፎቹ በአንዱ ላይ የሚነሳ ጥያቄ፣ የእርስዎን ተዛማጅ ሥራ፣ አዲስ ተማሪ ይቀበሉ እንደሆነ፣ ከዚህ ያለፈ አያስፈልግም። ለሁሉም የተላከ አንድ ዓይነት ደብዳቤ ወዲያው ይታወቃል።

ትራንስክሪፕት፣ የዓላማ መግለጫ እና የድጋፍ ደብዳቤዎች ቀነ ገደቡ ሳይደርስ ይዘጋጁ። ደብዳቤ የሚጽፉልዎትን መምህራን ቢያንስ ከአንድ ወር በፊት ይጠይቁ። የእንግሊዝኛ ችሎታ ፈተናዎቹ የአይኤልትስና የቶፍል ውጤት ለ2 ዓመት፣ የድኅረ ምረቃ መግቢያ ፈተናው የጂአርኢ ውጤት ደግሞ ለ5 ዓመት ያገለግላል፤ ጂአርኢ የማይጠይቁ ፕሮግራሞች ስላሉ ሳያጣሩ ገንዘብ አያውጡ። በምርምር ወይም በማስተማር ረዳትነት የሚገኝ ድጋፍ ካለም የትምህርት ክፍያውን ብቻ ወይስ መተዳደሪያንም እንደሚሸፍን በጽሑፍ ይጠይቁ።

ተቀባይነት ሲያገኙ፣ ፈቃድዎን ከመስጠትዎ በፊት የአማካሪውን ነባር ተማሪዎች ያነጋግሩ፤ በየስንት ጊዜው እንደሚገናኙና ቀደም ያሉት ተማሪዎች በስንት ዓመት እንደተመረቁ ከእነርሱ የተሻለ የሚነግርዎት የለም።